ሱሱን ማን ዘራው?

«ማን አስገደደው?» ይሉኛል። «እጁን ይዞ አፉ ላይ የለኮሰለት ሰው አለ?» ይሉኛል። ሰቃ ላይ ይሉኛል፤ አጋሮ ላይ ይሉኛል፤ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብለው ቡና የሚጋብዙኝ የተማሩ ሰዎችም ይህንኑ ይሉኛል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሲታመም ጥፋቱ የራሱ ነው። ሲሞትም የራሱ ነው። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ሰውየው ይቀበራል፣ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ፋብሪካው በማግስቱ ሥራውን ይቀጥላል።

እኔ አልስማማም። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ዝም ብዬ አላይም። እናንተም ውስጣችሁ እንደማይስማማ አውቃለሁ። አንድ የሚያጨስ አጎት፣ ወንድም፣ ባል ወይም ልጅ የሌለው ቤት በዚህ ዞን ስንት አለ? ግን «ሱሰኛ ደገፈ» መባልን ፈርታችሁ አንገታችሁን ደፍታችኋል። መደፋት የነበረበት የሌላ ሰው አንገት ነው።

ወንድሜ በጅማ ሚዛን መስመር ሹፌር ነበር። ገና ልጅ ሳለ፣ በረዳትነት ዘመኑ፣ መናኸሪያ ውስጥ ከሚዞር ሱቅ በደረቴ በነጠላ እየገዛ ጀመረ። ሳንባው ነው የገደለው። ለቅሶው ላይ አንድ የምናከብራቸው አባት ትከሻዬን ይዘው፣ «አላህ ይማረው፤ ግን ልጄ፣ ሰውየው ራሱን መግዛት አቃተው» አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም፤ በለቅሶ ቤት ለትልቅ ሰው አፍ አይመለስም። አሁን እመልሳለሁ።

ራሱን መግዛት ያቃተው ማን ነው? ይህ ሰው በየዓመቱ ረመዳንን ሙሉ ይጾም ነበር። መሪ ጨብጦ፣ በጎጀብ ቁልቁለት ሙቀት፣ ከንጋት እስከ መግሪብ እህል አይቀምስም፣ ውሃ አይጎነጭም። ለመንገደኛ የተፈቀደውን ማፍጠር እንኳ አይፈልገውም ነበር። አዛን ሲል ግን እጁ ከቴምሩ በፊት ወደ ኪሱ ይገባል። በአጋሮም፣ በሊሙም፣ በሰቃም ይህን ያላየ ሰው የለም፤ ኢፍጣሩን በሲጋራ የሚከፍት ስንት ጿሚ አለ! ረሃብን የቻለ፣ ጥማትን የቻለ፣ እንቅልፍን የቻለ ሰው ለአንዲት ቅጠል ሲንበረከክ አይታችሁ፣ ስለ ሰውየው ድክመት ነው ወይስ ስለ ቅጠሏ ኃይል የምትጠይቁት? ለምን ቅጠሏ አትመረመርም? ለምን ሁልጊዜ ሟቹ ብቻ ይመረመራል?

የሰቃ ገበሬ ደግሞ ስለ ተክል መጠየቅ ከማንም በላይ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የምንለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ለጋው ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ እየጠቆረ ረገፈ። ያኔ ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ ዞሩ፤ በሽታው በመታው ቡና መሃል ጤነኛ ሆነው የቆሙ እናት ዛፎችን ፈለጉ። 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዓይነቶች ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው፤ ቁጥራቸው የሚጀምርበት 74 የተሰበሰቡበት ዓመት ነው። እዚሁ አጠገባችን ጅማ፣ መልኮ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ተፈትነው ለገበሬው ተሰጡ። ዛሬ ሰቃ ውስጥ ጓሮው የቆመው ቡና የሰው ምርጫ ውጤት መሆኑን የማያውቅ ገበሬ የለም። «ቡናው ራሱ ፈቅዶ በሽታ ቻለ» የሚል ሞኝ አይገኝም። ሰው ነው የመረጠው። ሰው ነው ያባዛው። ሰው ነው ያከፋፈለው።

ታዲያ ትምባሆ ላይ ስንደርስ ይህ ዕውቀታችን የት ይገባል? የቡናው መራጭ በሽታ የሚችል ዛፍ ፈለገ። የትምባሆው መራጭ ምን ፈለገ?

ሰው የማይለቅ ቅጠል ፈለገ። ይህን ከኪሴ አላወጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ1977 ጄምስ ቻፕሊን የተባለ አሜሪካዊ አዳቃይ፣ በሰሜን ካሮላይና የመንግሥት የትምባሆ ምርምር ጣቢያ ይመራ የነበረ ሰው፣ ኒኮቲኑ ከፍ ያለ ትምባሆ እንደሚያስፈልግ በአንድ የትምባሆ ነጋዴዎች መጽሔት ላይ በይፋ ጻፈ። የተለመደውን ትምባሆ ኒኮቲያና ሩስቲካ ከሚባለው፣ ኒኮቲኑ ኃይለኛ ከሆነው ዘመዱ ጋር አዳቀለ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ሰነፍ ግንድ ነበራቸው፤ ነፋስ ሲነሳ ይጋደማሉ። ለቁም ነገር የደረሱት ሁለት ናቸው። ዋይ-2 ማድረቂያ ቤት ውስጥ ጠቁሮና ሸትቶ ቀረ። ዋይ-1 ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። በተለመደው ቅጠል ውስጥ ያለው ኒኮቲን ከ3 በመቶ እምብዛም በማይርቅበት ጊዜ የዋይ-1 ከ6 በመቶ አለፈ። እጥፍ! ጣዕሙ አልተለወጠም። መዓዛው አልተለወጠም። የተለወጠው ያ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን የተባለው የሲጋራ ኩባንያ ዘሩን ወሰደው። ዲኤንኤ ፕላንት ቴክኖሎጂ የተባለ ድርጅት ደግሞ ሌላ ተፎካካሪ ከዘሩ እንዳያራባው አድርጎ አሰናዳለት። በአሜሪካ ሕግ እስከ 1991 ድረስ የትምባሆ ዘር ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነበር። ዘሩ ግን ብራዚል ተገኘ፤ እዚያ ተዘርቶ፣ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ በሚሊዮን ፓውንድ የሚቆጠር ቅጠል ሆኖ ወደ አሜሪካ መጋዘን ተመለሰ። ያ የዘር ድርጅት በ1998 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለ።

መሃል ላይ የሆነውን ስሙ። ሚያዝያ 1994 እ.ኤ.አ. የሰባት የትምባሆ ኩባንያዎች አለቆች በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለን አናምንም አሉ፤ አንድ በአንድ፣ በየተራ። ከሰባቱ አንዱ የብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን አለቃ ነበር። ዋይ-1 መጋዘኑ ውስጥ ተከምሮ ሳለ ዓይኔን ግንባር ያድርገው አለ። ከሁለት ወር በኋላ ሰኔ ውስጥ፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኃላፊ ዴቪድ ኬስለር እዚያው ምክር ቤት ቀርቦ የዋይ-1ን ጉድ ዘረገፈው።

እስቲ አእምሮ ያለው ሰው ይመልስልኝ። ኒኮቲን ሱስ የማያስይዝ ከሆነ እጥፍ ለማድረግ ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ድብብቆሽ ለምን አስፈለገ? ጣዕም የማይጨምር፣ መዓዛ የማይጨምር ነገር ለማን ተብሎ ተዳቀለ? ለሚያጨሰው ሰው ደስታ? ወይስ ነገ ተመልሶ እንዲመጣ?

«እሱ ዘር ብቻ ነው» እንዳትሉኝ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው የኃይል መጠን ከዘሩ እስከ ፓኮው ድረስ በሰው እጅ ነው። ኒኮቲን ተክሉ ተባይን የሚያባርርበት መርዝ ነው፤ ከሥር ተሠርቶ ወደ ቅጠል ይወጣል። ገበሬው አበባውን ሲቀነጥሰው ቅጠሉ ላይ ይበዛል። የላይኛው ቅጠል ከታችኛው ይበረታል። ፋብሪካው የትኛውን ቅጠል ከየትኛው ጋር፣ ስንት በስንት እንደሚቀላቅል ይወስናል። ዛሬ የተገዛው ፓኮና የዛሬ ዓመት የሚገዛው አንድ ዓይነት የሚሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። መርዝነቱንስ እኛ መቼ አጣነው? በሬ ከወንዝ ጠጥቶ አልቅት አፍንጫው ውስጥ ሲሰካ አባቶቻችን ትምባሆ ዘፍዝፈው ውሃውን ያፈሱበታል። አልቅቱ ይለቃል። ደም የያዘ አልቅት እንኳ የሚያስለቅቅ ነገር ሰው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?

«ጋያስ?» ይሉኛል ደግሞ። «እናቶቻችንና አባቶቻችን በቅል ውሃ ሞልተው ሲያንደቀድቁ ኖረው የለ?» ኖረዋል። ጋያም ጤና አይደለም፤ ውሃው ጭሱን ያበርደዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። ግን ጋያ ኪስ ውስጥ አይገባም። ጋያ መሪ ጨብጠው አያጨሱትም። ጋያ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ በነጠላ መናኸሪያ ላይ አይሸጥለትም። የጓሮ ትምባሆን ከኢንዱስትሪ ጋር እያመሳሰላችሁ ባህልን መደበቂያ አታድርጉት።

አሁን ወደ ራሳችን ልዙር። አዋጅ 1112/2011 አለን። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥ ይከለክላል። በነጠላ መሸጥ ይከለክላል። ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስ ይከለክላል። የፓኮው 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሸፈን ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ የደከሙበትን አመሰግናለሁ። ጅማ ውስጥ ግን አንድ ጫት ቤት ግቡ። ሲጋራው በነጠላ ነው። ላኪው ትልቅ ሰው ነው፤ ተላላኪው ልጅ ነው። ያው «ማን አስገደደው?» ብሎ የሚከራከረኝ ሰው፣ ምርቃናው ሲመጣ የጎረቤት ሕፃን ጠርቶ «ሂድ ሁለት ኒያላ አምጣልኝ» ይላል። ሥዕሉስ? ሥዕሉ ያለው ፓኮው ላይ ነው። በነጠላ የሚገዛ ልጅ ፓኮውን አያየውም! ማስጠንቀቂያው ሱቅ በደረቴው ሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ ኒኮቲኑ ብቻውን ይሄዳል። ልጁ ነገ ሱስ ሲይዘው እኛው ተሰብስበን ራሱን መግዛት አቃተው እንላለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

መንግሥትስ? ትምባሆ በዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በሞኖፖል የተያዘ የመንግሥት ንግድ ነበር። ንጉሡ ሸጡት፤ ደርግ ሸጠው፤ ከደርግ በኋላ የመጣውም ሸጠው። በ2006 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አጸደቅን። ሁለት ዓመት ቆይተን፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ለጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጥን። በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ሌላ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ጨመርንለት። ተደምሮ 944 ሚሊዮን ዶላር። ብዙዎቻችን አጨበጨብን። የውጭ ምንዛሪ ገባ፣ ኢንቨስትመንት መጣ አልን።

አንድ የንግድ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ሲከፍል ምን እየገዛ ነው? ሕንጻውን? ማሽኑን? ሸዋ ሮቢት ያለውን እርሻ? አትሞኙ። የገዛው ነገ የሚያጨሱትን ነው። የሕዝቡ ወጣትነት ተቆጥሮ ነው ዋጋው የወጣው። የሚያጨሰው ሰው ገና ጥቂት የሆነበት፣ ልጅ የበዛበት አገር ለዚህ ንግድ ገና ያልታረሰ መሬት ነው። ያንን መሬት ነው የሸጥነው። ከዚያ በሌላው እጃችን ፓኮው ላይ የታመመ ሳንባ ለጠፍን።

እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን የኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አገኘሁ ብላ በር ዘጋችብን። ያኔ ከዋነኞቹ ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች። ገበሬው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ገበያው ቀዘቀዘበት። መብቷ ነው፤ ሕዝቧ የሚጠጣውን የመመርመር መብት አላት። ከሚሊዮን አንድ እጅ የማይሞላ ቅሪት ፈልጋ፣ ለክታ፣ ቁጥሩን ጽፋ ሰጠችን። ዛሬ የአገራችንን ሲጋራ የሚሠራው ኩባንያ እናት ድርጅት የማን ነው? በጃፓን ሕግ መሠረት ከጃፓን ቶባኮ አክሲዮን ከሲሶ በላይ በጃፓን መንግሥት እጅ መሆን አለበት። ለጃፓናዊው ሲባል የቡናችን ቅሪት በረቂቅ ሚዛን ተመዘነ። ለኢትዮጵያዊው ሲባል ኒያላ ውስጥ ያለው የትምባሆ ኒኮቲን ስንት ሚሊግራም እንደሆነ የነገረን ማን ነው? ጠይቀንስ እናውቃለን? ይህ ፋብሪካ ዋይ-1 ይጠቀማል አላልኩም። ያልኩት ይህ ነው፦ ቅጠሉ ውስጥ ያለው በሰው እጅ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል፤ እኛ ግን ቁጥሩን ሳንጠይቅ ሬሳ እንቆጥራለን።

ዝቅ ሊል እንደሚችል ልንገራችሁ፤ ይህን ሲሰሙ ነው ተከራካሪዎቼ ፊታቸው የሚለወጠው። ኒኮቲኑ በጣም ያነሰ የትምባሆ ዘር ከተገኘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጀርመኖች ገና በ1930ዎቹ ይመርጡት ነበር። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በአንድ ግራም ትምባሆ ውስጥ ከ0.7 ሚሊግራም የበለጠ ኒኮቲን እንዳይኖር የሚል ደንብ አቀረበ፤ በአሜሪካ ገበያ ላይ የነበረው ሲጋራ አማካይ 17.2 ነበር። ልዩነቱን ተመልከቱ። ኒውዚላንድ በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ አዲስ መንግሥት መጥቶ በ2024 መጀመሪያ ሥራ ላይ ሳይውል ሻረው፤ ከትምባሆ የሚሰበሰበው ግብር እንደሚያስፈልጋቸው የገንዘብ ሚኒስትሯ ሳይደብቁ ተናግረዋል። እንግዲህ ኒኮቲኑ ሲቀንስ ገቢው እንደሚቀንስ ሁሉም ያውቃል ማለት ነው! ገቢው ለምን ይቀንሳል? ሰው ስለሚተው። የሰው ድክመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኒኮቲን መቀነሱ ምን ለውጥ ያመጣ ነበር?

«ያነሰ ከሆነ ብዙ ያጨሳል» የሚለውንም ሰምቼዋለሁ። ተሞክሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 840 አጫሾችን ወስዶ በተለያየ መጠን ሲጋራ ሰጣቸው፤ ኒኮቲኑ በጣም ዝቅ ያለውን ያገኙት ከስድስት ሳምንት በኋላ በቀን ያነሰ አጨሱ። «ኮንትሮባንድ ይገባል» ይላሉ። ኮንትሮባንዱ ዛሬም አለ፤ ኒኮቲኑን ማንም ሳይነካው ነው ያለው። «ግብር ጨምረናል» ይላሉ። ግብሩ ጥሩ ነው፤ ልጅ እንዳይጀምር ያግዛል። የተያዘውን ግን ተመልከቱት፦ ዋጋው ይወደዳል፣ መያዣው እንዳለ ይቆያል፣ ልዩነቱን የሚከፍለው ከልጆቹ ደብተርና ከቤቱ ዘይት ነው። «ገበሬው ይጎዳል» ይላሉ። የቱ ገበሬ? ሰቃ የሚኖረው በቡና ነው። በትምባሆ የሚሞት እንጂ በትምባሆ የሚኖር ሰው እዚህ አላየሁም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ አገር የሚሸጠውን እያንዳንዱን የሲጋራ ዓይነት ይመርምር፤ በአንድ ግራም ስንት ሚሊግራም ኒኮቲን እንዳለው በየዓመቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ ለሕዝብ ያውጣ። ያጸደቅነው ስምምነት አንቀጽ 10 አምራቾች የምርታቸውን ይዘት ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ያዛል፤ ከማንም አንለምንም። ፋብሪካው የሚዘራውን ዘር ስምና የኒኮቲን መጠን ያስመዝግብ፤ የቡና ዘር ሳይመዘገብና ሳይፈተን ለገበሬ የማይሰጥበት አገር ውስጥ የትምባሆ ዘር ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም። ከዚያ ጣሪያ ይቀመጥ፤ ጣሪያውም በየጊዜው ዝቅ ይበል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ምሁራን፣ ስለ ጫትና ስለ ሲጋራ ተጠቃሚው ሲያጠኑ ኖረዋል፤ ዕድሜውን፣ ገቢውን፣ ትዳሩን ጠይቀውታል። አሁን ደግሞ ቅጠሉን ይጠይቁት። የመልኮ ተመራማሪዎችም ዝም አይበሉ፤ አንድ ተክል በሃያ ዓመት ውስጥ ምን ሊደረግ እንደሚችል ከእነሱ የተሻለ ሊመሰክር የሚችል ማን አለ?

ኩባንያው ቁጥሩ የንግድ ምስጢር ነው ካለ መልሱ አንድ ነው። ጃፓን የቡናችንን ቁጥር ስትለካ ምስጢራችን ነው አላልንም። ጆንያውን ከፍተን ሰጠናት። ሲጋራውን ይክፈቱልን።